በሦስት ሲሊንደር ወደ ሽንዲ

አሁን ደግሞ ይኼ፣ ከመሪው ሥር የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ ወባ የያዘው ሰው ትከሻ የሚመስል፣ ከቡሬ ሲወጡ አልነበረም፣ ወይስ ነበር፣ ያምሮት መሪውን ጠበቅ ታደርጋለች፣ ላላ ታደርጋለች፣ መንቀጥቀጡ ከእጇ አይደለም፣ ከመኪናዋ ነው፣ ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ቀን ሁሉ ይሁን ዛሬ ብቻ አይሁን፣ ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው፣ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ሚኒባስ አለ ተብሏል፣ ነገም ይኖራል ያለ ግን የለም፣ ባለፈው ተከፈተ ሲባል ነገ እሄዳለሁ ብላ አደረች፣ በማግስቱ ተዘጋ፣ ስልኩም አብሮ ጠፋ፣ ክረምቱ በሙሉ በር እንደተቆለፈበት ቤት አለፈ።

ዳገት። ቤንዚኑን ትረግጣለች፣ ኮሮላዋ አትሰማም፣ ትንገጫገጫለች፣ ጉልበት የላትም፣ ከኋላ በማርሚታው፣ በጭስ መውጫው በኩል ቷ ትላለች፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል።

ነገ፣ ይላሉ አባቷ ከጎኗ።

ሰማሁ አባዬ፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ይከራል፣ ለምን ትቆጫቸዋለሽ፣ ምን አደረጉሽ፣ ሌላ ቃል የላቸው፣ አቶ ቸኮለ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ጋራዥ ከፍተው የኖሩ፣ ከጅጋ እስከ ቡሬ ያለውን መኪና በድምፁ ብቻ የሚለዩ፣ ከፋሲካ በኋላ ደም ግፊቱ መታቸው፣ ቀኝ ጎናቸውን ወሰደ፣ ቋንቋቸውን ወሰደ፣ አንዲት ቃል ጣለላቸው፣ ነገ። ውሃ ሲጠማቸው ነገ፣ ሲያማቸው ነገ፣ ቄሱ መስቀል ሲያሳልሟቸው ነገ፣ ሌሊት ተነስተው መሽናት ሲፈልጉ ነገ ነገ ነገ፣ ልዩነቱን ያወቀችው እሷ ብቻ ናት፣ ሌላው ሁሉ ይስቃል ወይ ያለቅሳል።

አሁን ያለው ነገ የትኛው ነው። የሕመም አይደለም። የሽንትም አይደለም። ግራ እጃቸው ዳሽቦርዱ ላይ ወጥቷል፣ በጣታቸው ይመታሉ፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ ዝም፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ ዝም፣ ምንድነው የሚቆጥሩት፣ ከዚያ ከሞተሩ ጋር ታዳምጠዋለች፣ አንድ ላይ ነው፣ አባቷ የሚመቱት የሞተሩን ምት ነው፣ ሦስቱ ይመታሉ አራተኛው ይቀራል፣ በሦስት ነው የምትሠራው ይሉ ነበር ለሰው፣ አንዱ ሲሊንደር አይቃጠልም፣ እንዲህ እየነዳህ አትሂድ።

እንዲህ እየነዳች ልትሄድ ነው እንዴ፣ ሽንዲ ገና ነው፣ ግራና ቀኙ የደረቀ በቆሎ፣ አገዳው ነፋሱ ባለፈ ቁጥር ይንሾካሾካል። ጥግ ትይዛለች። ትቆማለች። ሞተሩ በቆመበት እየተርገፈገፈ ነው፣ ቡኑ ያልወረደለት ሽማግሌ ይመስላል፣ ኧረ ዝም በይ፣ አሁን ቀልድ ነው የቀረሽ።

ጠዋት ሽንዲ ሄደን እህትዎን እትዬ አቻምየለሽን እንጠይቅ ብላቸዋለች፣ ጥየቃ፣ ቃሉ ቀላል ነው፣ ሰው ሄዶ ጠይቆ ይመለሳል፣ የምትመለሰው ግን እሷ ብቻ ናት፣ እትዬ በስልክ አምጭው ብለዋል፣ ድሮስ ማን ሊይዘው ኖሯል ብለዋል፣ የአባቷ ልብስ በሙሉ ከኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ጋቢያቸው፣ ዳዊታቸው፣ መድኃኒታቸው፣ ሐኪም ቤት ለክፉ ቀን የሰጣቸው ትርፍ የሽንት ቱቦ፣ አንድም ነገር አልቀረም፣ ለጥየቃ ይኼን ሁሉ የሚጭን ማን ነው። ሌሊት ሌሊት ስትለማመደው ነበር፣ አባዬ፣ የማወራዎት ነገር አለ፣ አባዬ፣ እኔ እኮ፣ ከዚያ ያዩዋታል፣ በቃ፣ ያልቃል።

ባሕር ዳር የምትሠራበት ላቦራቶሪ ኃላፊ ሲደውል የማያውቃት ይመስል ነበር፣ ከሰኞ ጀምሮ በሥራ ገበታዎ የማይገኙ ከሆነ በምትክዎ ሌላ ባለሙያ ለመመደብ የምንገደድ መሆኑን፣ ያምሮት ነኝ እኮ፣ አብረን ምሳ የምንበላው፣ መሆኑን እንገልጻለን። ወንድሟ ወንዳወቅ ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ አንቺ እኮ ጀግና ነሽ፣ እኔ በቃ ቢዚ ነኝ ሲስ፣ መንገዱንም ታውቂዋለሽ፣ ደሞ አንቺ እዚያው ነሽ አይደል እንዴ። እዚያው ነሽ። ማን እዚያ አስቀመጠኝ፣ ለአንድ ሳምንት መጥቼ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳልፈታ።

ኮፈኑን ትከፍታለች፣ ሙቀቱ ፊቷን ይመታታል፣ ኮፈኑ ተከፍቶ አባቷን ይጋርድባታል፣ ደስ ይላታል፣ ደስ ስላላት ትደነግጣለች። እሺ፣ እንደ ሥራሽ አስቢው፣ ናሙና ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚኑን የሚለኩሱ አራት ካንዴላ፣ ለእያንዳንዱ እሳት የሚያመጡ አራት ጥቁር ገመዶች፣ አንዱ ታሟል፣ የትኛው፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተሽ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ሞተሩ እየሠራ አንዱን ገመድ ትነቅያለሽ፣ ደህና የነበረውን ከነቀልሽ ሞተሩ ይብስበታል፣ የሞተውን ከነቀልሽ ምንም አይለወጥም። ቀላል ነው። እጇን ትዘረጋለች፣ የመጀመሪያውን ትይዛለች፣ ክርኗ ድረስ የሆነ ነገር ይመታታል፣ እናቴ፣ ወደ ኋላ ትፈናጠራለች፣ ኤሌክትሪክ ነው እኮ፣ ደደብ፣ በባዶ እጅ።

ነገ ነገ፣ ይላሉ ከውስጥ፣ የጭንቅ ነው ይኼኛው።

ደህና ነኝ አባዬ፣ ፒንሳ ላምጣ።

ፒንሳው ከኋላ ነው፣ ከሁሉም ሥር፣ ስለዚህ ከረጢቱን ታወጣለች፣ መንገድ ዳር ታስቀምጣለች፣ ጋቢውን ትደርብበታለች፣ የእሑድ ኮታቸውን ትጥልበታለች፣ ብርድ ልብሱን፣ ትራሱን፣ እጇ ይሠራል ጭንቅላቷ ሞተሩ ጋ ነው፣ ፒንሳው፣ ካቻቪቴው፣ የካንዴላ መፍቻው፣ ተገኘ፣ እጀታው ላስቲክ ነው፣ ጥሩ፣ ከዚያ ቀና ትላለች፣ በቀኙ ስፖኪዮ መስታወት ውስጥ ሁለት ዓይኖች አሉ።

ከመቼ ጀምሮ።

ኮቱን አይተዋል። ትራሱን አይተዋል፣ ለጥየቃ የማይወሰደውን ትራስ።

ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ኮፈኑ ሥር ትገባለች እንደ አይጥ፣ ጣታቸው አይመታም አሁን፣ አባዬ፣ አንዱን ልነቅል ነው፣ ሲለወጥ ያዳምጡልኝ፣ አባዬ፣ ፒንሳውን ታስጠጋለች፣ ሞተሩ ጸጥ ይላል። በራሷ ጠፋች ብላ ትሮጣለች፣ በራሷ አልጠፋችም፣ ቁልፉ ከቦታው የለም፣ የአባቷ ግራ እጅ ጭናቸው ላይ ነው፣ ተጨብጧል።

አባዬ ቁልፉን ይስጡኝ።

በቆሎውን ያያሉ።

አባዬ፣ ልለምንዎት፣ ይመሽብናል፣ ሚኒባሱ ይሄድብኛል፣ ይሄድብኛል አለች፣ ብናል ሳይሆን ብኛል፣ አንድ ፊደል ሁሉን ነገር ተናገረ፣ እጃቸውን ትይዛለች፣ ጣቶቻቸውን መፈልቀቅ ትጀምራለች፣ አውራ ጣቱን፣ ሌባ ጣቱን፣ በየጠዋቱ በቅባት የምታሸው ቀኙን ነው፣ የሞተውን፣ ይኼኛው ግን ሕያው ነው፣ ዕድሜውን ብሎን ሲፈታ የኖረ ነው፣ ንቅንቅ አይልም፣ የራሷን ትንፋሽ ትሰማለች፣ አባቴን እየታገልኩ ነው፣ መንገድ ዳር አባቴን እየታገልኩ ነው። ትለቃለች። ጣታቸው ላይ ጥፍሯ የሠራው ቀይ መስመር አለ።

እንደምን ዋላችሁ። በቅሎ የሚስብ ሰው ነው፣ ዝናር ታጥቆ ጋቢ የደረበ፣ ከረጢቱን ያያል፣ ኮፈኑን ያያል፣ ምነው ልጄ፣ ውሃ ጠማት እንዴ መኪናዋ። ሞተሩ ነው፣ አሁን ይሠራል፣ ትላለች። ይሥራ ይሥራ፣ ይላል ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጧት ያያችሁት መንገድና ሲውል ያለው መንገድ አንድ አይደለም፣ ፀሐይዋ ሳታዘነብል ከዚህ ብትነሱ መልካም ነው፣ ከዚያ ወደ አባቷ ጎንበስ ብሎ፣ እንዴት ዋሉ አባቴ። ነገ፣ ይላሉ አባቷ። ነገማ የት ተገኝቶ አባቴ፣ ዛሬውኑ ነው እንጂ መሄድ፣ ይላል ሰውዬው በቁም ነገር፣ በቅሎውን ይስባል፣ ይሄዳል።

ሁለቱ ይቀራሉ። በቆሎው ይንሾካሾካል። ወደ ፊት ቢሉ መኪናዋ ቆማለች፣ ወደ ኋላ ቢሉም ቆማለች፣ ቁልፉ አንድ መዳፍ ውስጥ ነው፣ መዳፉ አይከፈትም።

በአባቷ በኩል ያለውን በር ከፍታ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ከጉልበታቸው አጠገብ፣ አታያቸውም፣ መሬቱን እያየች ትናገራለች፣ ለጥየቃ አይደለም አባዬ፣ ልተውዎት ነው፣ እትዬ ጋ ልተውዎት ነው፣ ሥራዬ ሊሄድ ነው፣ እሱ ምክንያት ነው ደግሞ፣ እሱ ብቻ አይደለም፣ ሌሊት ሲጠሩኝ አንዳንዴ ነቅቼ ዝም እላለሁ፣ ተኝታለች ብለው ይተዉኝ እንደሆነ ብዬ፣ ከዚያ ደግሞ እሮጣለሁ፣ በሩን ከፍቼ ስገባ የሚያዩኝ አስተያየት አለ፣ እሱን አልችለውም፣ ቤቱ ውስጥ አየር አጣለሁ፣ ገበያ ስሄድ መንገዱን አይቼ ዝም ብዬ ወደ ዳሞት ማዶ ልሄድ ያምረኛል፣ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር፣ ልነግርዎት ነበር፣ ፈርቼ ነው፣ አሁን ይቆጡኝ፣ ይምቱኝ፣ ወደ ቤት እንመለስ ካሉ እመልስዎታለሁ፣ እኔም እመለሳለሁ፣ እንኖራለን፣ ምን ይሆናል፣ ሰው ይኖር የለ።

የመጨረሻውን የተናገረችው እውነቷን ነው። እሱ ነው ያስለቀሳት።

ግራው እጅ ይነሳል። ወደ ራሷ የመጣ መስሏት አንገቷን ትሰብራለች፣ እጁ ግን ከእሷ ርቆ ወደ መሪው ይሄዳል፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ይስታል፣ ይፋቃል፣ እንደገና ይስታል፣ ልታግዛቸው እጇ ይበላታል፣ ተይ፣ አትንኪ፣ ይገባል፣ ይዞራል። ኮሮላዋ እየተንቀጠቀጠች ትነሳለች። ጣታቸው ዳሽቦርዱ ላይ ይመለሳል፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ ዝም።

ይቅር አሏት ማለት ነው። ወይስ ቶሎ ጨርሺና ተገላገይ። አታውቅም፣ ስለማታውቅ ትነሳለች፣ ፒንሳውን ታነሳለች።

ከሞተሩ ቀበቶ፣ ከቺንጊያው በኩል የመጀመሪያው ገመድ፣ ትነቅለዋለች፣ ሞተሩ ይንደፋደፋል ሊጠፋ፣ ጣታቸው ወደ ሁለት ይወርዳል፣ ይኼኛው ደህና ነው፣ ትመልሰዋለች። ሁለተኛው፣ ይብስበታል፣ ደህና ነው። ሦስተኛውን ትነቅላለች፣ ምንም፣ ሞተሩ እንደነበረው ነው፣ ጣታቸውም እንደነበረው ነው፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ ዝም፣ ነገ ይላሉ፣ ጮክ ብለው፣ አገኘሽው ማለት ነው ይኼኛው፣ ከዚህ በፊት ያልሰማችው ነገ ነው። አራተኛውን ግን ለእርግጠኝነት ትሞክረዋለች፣ ልማድ ነው፣ ይብስበታል። ስለዚህ ሦስተኛው።

ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ካንዴላውን ትፈታለች፣ እርጥብ ነው፣ ጥቁር፣ ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ነዳጁ ደርሶታል ማለት ነው፣ ያልደረሰው እሳቱ ነው፣ ግን ለምን፣ ካንዴላው ራሱ ሞቶ ነው ወይስ ገመዱ አያደርስለትም፣ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ የሁለተኛውን ካንዴላ ለሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ጠርጋ ለሁለተኛው፣ ታጠብቃለች፣ ያስነሱ አባዬ። ያስነሳሉ። ገመዶቹን እንደገና እየነቀለች ትሞክራለች፣ አሁንም የሞተው ሦስተኛው ነው፣ በሽታው ከካንዴላው ጋር አልተዛወረም፣ እንግዲህ ገመዱ ነው። ጎንበስ ትላለች፣ ከሞተሩ ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ አለ፣ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ የሚወጋ። ከየት እንደሆነ በፀሐዩ አይታይም፣ ነጠላዋን ራሷ ላይና ሞተሩ ላይ ትጋርዳለች፣ ጨለማ ትሠራለች፣ ትጠብቃለች፣ ዓይኗ እስኪለምድ፣ አለ፣ ሰማያዊ ብልጭታ፣ ትንሽ፣ ከገመዱ ወገብ ወደ ብረቱ ይዘላል፣ ይዘላል፣ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ብረቱ ላይ ይቀራል። ማቀፊያው ተሰብሮ ገመዱ ብረቱ ላይ ሲታሽ ከርሟል፣ ላስቲኩ ተልጧል። አየሁት አባዬ፣ አየሁት፣ ትላለች ነጠላዋ ውስጥ ሆና፣ ትስቃለች፣ መቼ ነው እንዲህ የሳቅሁት።

አዲስ ገመድ የለም፣ ቡሬም ከኋላ ርቋል፣ የሚሸፍን ነገር፣ ውሃ የማያስገባ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ፣ ቆይ፣ ከረጢቱን ትፈታለች፣ ትርፍ የሽንት ቱቦው፣ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ገና ካሸጉበት ያልወጣ፣ በእጇ ይዛው ወደ አባቷ ትሄዳለች፣ ታሳያቸዋለች፣ አፍራለች፣ አባዬ ይኼን ልቁረጠው፣ ሌላ እልክልዎታለሁ፣ ቱቦውን ያዩታል፣ እሷን ያዩዋታል፣ ትከሻቸው ይነቃነቃል፣ እያለቀሱ መስሏት ነበር፣ የለም፣ እየሳቁ ነው፣ ግማሽ ፊታቸው ብቻ እየሳቀ።

ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦውን በምላጭ በቁመቱ ትሰነጥቀዋለች፣ ገመዱን ታለብሰዋለች፣ በቁስል ፕላስተር ደጋግማ ትጠመጥመዋለች፣ ከብረቱ አርቃ በክር ታስረዋለች፣ ያስነሱ። ትነሳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ መርገፍገፉ የለም፣ መሪውም እጅ አይመታም። ሽንዲ ያደርሳል፣ ቡሬም ይመልሳል፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ ይገዛል።

ዕቃውን ትጭናለች፣ ትገባለች፣ እጇ በዘይት ጠቁሯል፣ መንገዱ እዚህ ጋ ሰፋ ይላል፣ መዞር ይቻላል፣ አባዬ፣ ትላለች ፊቷን ሳታዞር፣ ተመለሺ ይበሉኝ ብቻ፣ መኪናዋን ወደ ቤት ልመልሳት። ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ ይላሉ። በአገጫቸው ወደ ፊት፣ ወደ ሽንዲ ያሳያሉ፣ ቸኩለው፣ ደንበኛ እንደሚያጣድፉ፣ ሂጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ፣ እሷ ግን መሪውን ይዛ ትቆያለች፣ ለካ እንዲከለክሏት ፈልጋለች፣ እንዲከለክሏትና ዕድሜዋን ሙሉ ከለከሉኝ እንድትል፣ አሁን ማን ላይ ታመካኛለች። ማርሽ ታስገባለች።

ሽንዲ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ፣ እትዬ አቻምየለሽ ገና መኪናዋ ሳትቆም እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ፣ ውይ ወንድሜ፣ ውይ ቸኮለዬ፣ ምን አደረጉህ፣ አንተን አይደል እንዴ ደርባባው የሚሉህ፣ ደግፈው ያወርዷቸዋል፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው ያስቀምጧቸዋል፣ ያምሮት ከረጢቱን ይዛ ገብታ ሳታርፍ ትጀምራለች፣ እትዬ፣ መድኃኒቱ ጧትና ማታ ነው፣ ነጩ ከምግብ በኋላ፣ ውሃ ለብ ያለ ነው የሚጠጡት፣ ቀዝቃዛ ያንቃቸዋል፣ በግራ በኩል ነው የሚጎረሱት፣ ሌሊት ሁለቴ ይነሳሉ፣ አንዳንዴ ሦስቴ፣ ነገ ሲሉ ዝቅ አድርገው ከሆነ እግራቸውን ነው የሚያማቸው፣ ከፍ ካደረጉ ሽንት ነው፣ ሁለቴ ካሉ መስኮቱን ክፈቱልኝ ነው፣ ቀኝ እጃቸውን በቅባት፣ ከትከሻ ጀምሮ ወደ ታች፣ ጣት በጣት፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ በሬዲዮ ካልሰሙ ቀኑን ሙሉ ይከፋቸዋል፣ ትራሳቸው ይኼ ነው፣ በሌላ አይተኙም፣ ዝንብ በፊታቸው ላይ ሲያርፍ በግራ እጃቸው ያባርራሉ ግን ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ካረፈ አያውቁትም እና እርስዎ ማየት አለብዎት እና

ያምሮትዬ፣ ይላሉ እትዬ፣ በእርጋታ፣ እኔ እኮ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። እናታችን ስትሞት ገና ጥርስ አላወጣም ነበር።

ከረጢቱን መሬት ላይ ታስቀምጣለች።

እትዬ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያነሳሉ፣ የአባቷን አፍ ጥግ ይጠርጋሉ፣ ሳይጠይቁ፣ ሳያስፈቅዱ፣ አባቷም ፊታቸውን ሰጥተው ዝም ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ከእሷ እጅ ግን ሁልጊዜ ያዞሩት ነበር፣ ሲታጠቡ ግድግዳውን ያዩ ነበር፣ ቁጣ ይመስላት ነበር፣ ሁለት ወቅት ሙሉ ቁጣ መስሏት፣ ልጃቸው ናት እኮ፣ ልጅ አባቷን ስታጥብ ምን እንዲያዩ ፈልጋለች፣ እሳቸውም አየር አጥተው ነበር ማለት ነው፣ እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ።

ሂጂ በይ ልጄ ሳይመሽ፣ ይላሉ እትዬ፣ መንገዱ አይታመንም፣ መኪናዋን ቡሬ ለዘመዴ ልጅ ለደጀኔ ስጭው፣ ጋራዥ አለው፣ ይጠብቃታል፣ ሚኒባስሽን ያዥ። እሺ ትላለች። የአባቷን ጉልበት ትስማለች፣ ግራ እጃቸው ራሷ ላይ ያርፋል፣ ከባድ ነው፣ ያቺን ቃል እንኳ አይሏትም፣ እጁ ይነሳል፣ ትወጣለች።

መኪናዋ በአንዴ ትነሳለች። በሩ አፍ ላይ ማንም የለም፣ ገብተዋል፣ ከውስጥ እትዬ ሲያወሩ ይሰማታል፣ አባቷ ሲመልሱ ይሰማታል፣ የትኛው ነገ እንደሆነ ከዚህ መለየት አትችልም፣ ጆሮዋን ትሰጣለች፣ ሕመም ነው፣ ውሃ ነው፣ አትችልም፣ አሁን የእትዬ ነው፣ የኋላ ማርሽ አስገቢ፣ አስገብታለች፣ ማንም አልያዛትም፣ ማንም አይጠራትም፣ እግሯ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ነው፣ አንሺው ትላለች ለእግሯ፣ አንሺው እንጂ፣ ታነሳዋለች፣ መኪናዋ ትንቀሳቀሳለች፣ እሷ ግን ገና እዚያው ናት፣